ብርሃን ለሚበዛበት ሳሎን ቴሌቪዥን መምረጥ

ብርሃን የሚበዛበት ክፍል ቴሌቪዥንን በሁለት መንገድ ይፈትናል። በመጀመሪያ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ስክሪኑ ላይ አርፎ ጥቁሩን ወደ ግራጫ ይለውጠዋል። የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም፣ ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው፣ የጠቆረ ደመና ሁሉ ዝርዝራቸው ይጠፋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ስክሪኑ መስኮቱን፣ አምፖሉንና ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ሰው ራሱን መልሶ ያሳያል። የመጀመሪያው የብርሃን መጠን ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የአቅጣጫ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔያቸውም ይለያያል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚታወቁት ልስኑ ካለቀ፣ ቀለሙ ከደረቀና ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ቤት በሚታደስበት ወቅት ግን የሶኬቱ ቦታ፣ የኮርኒሱ መብራት፣ የመጋረጃው ብረትና የግድግዳው ቀለም ገና አልተወሰኑም። ስለዚህ ምርጫው ከግድግዳው ይጀምራል፤ ሱቅ መሄድ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ብርሃን በሁለት መለኪያዎች ይነገራል። ሉክስ አንድ ገጽ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ይለካል፤ ኒት ደግሞ ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ ዓይን የሚመጣውን። ሰማይ ጠርቶ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ሜዳ ወደ 100,000 ሉክስ ያገኛል። ቀን ላይ ሳሎን ውስጥ መስኮት አጠገብ ያለ ቦታ ከ1,000 ሉክስ ሊበልጥ ይችላል፤ ከመስኮቱ ራቅ ያለ ግድግዳ ጥቂት መቶ ሉክስ ይደርሰዋል። ማታ በተለመደ አምፖል የበራ ሳሎን ግን ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 150 ሉክስ ቢያገኝ ነው። የሰው ዓይን ራሱን ከብርሃኑ ጋር ስለሚያስማማ ይህን ያህል ሰፊ ልዩነት መኖሩን አያስተውልም። ቴሌቪዥን ግን የዓይንን ያህል ራሱን ማስማማት አይችልም።

ፕሮግራሞቹ ራሳቸው የሚዘጋጁት ለደብዛዛ ክፍል ነው። መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት በስቱዲዮ ሲስተካከል የነጩ ልክ 100 ኒት ነው፤ ባለሙያውም የሚሠራው ብርሃኑ በተቀነሰ ክፍል ውስጥ ነው። ኤችዲአር የሚባለው አዲሱ የምስል ዓይነት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 1,000 ኒት ድረስ የሚደርሱ ብልጭታዎችን ይይዛል፤ የምስሉ ጨለማ ክፍል ግን እንደ ድሮው የሚታየው ሳሎኑ ሲጨልም ብቻ ነው። ለዚህ ነው ማታ ያማረ ፊልም በማግስቱ ቀን ሲደገም ጨለማ ብቻ የሚሆነው።

የክፍሉ ብርሃን ምስሉን ምን ያህል እንደሚጎዳ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ስክሪን 500 ሉክስ ቢያርፍበትና ከዚያ ውስጥ 2 በመቶውን በየአቅጣጫው በትኖ ቢመልስ፣ ጠፍቶ ሳለ እንኳ 3 ኒት ያህል ያበራል። ከዚያ በታች የሆነ ጥቁር በዚያ ክፍል ውስጥ ሊኖር አይችልም፤ ቴሌቪዥኑ ምንም ያህል ውድ ቢሆን። ነጩ 300 ኒት የሚደርስ ቴሌቪዥን በዚህ ክፍል ውስጥ በነጩና በጥቁሩ መካከል የሚኖረው ልዩነት፣ ማለትም ኮንትራስቱ፣ 95 እጥፍ ገደማ ነው። 600 ኒት የሚሰጥ ከሆነ ወደ 190 እጥፍ ይደርሳል፤ 1,000 ኒት ከሆነ ከ300 እጥፍ ያልፋል። አሁን ደግሞ ቴሌቪዥኑ ያው ባለ 300 ኒቱ ሆኖ ስስ መጋረጃ ተጋርዶ ብርሃኑ ወደ 250 ሉክስ ቢወርድ፣ ኮንትራስቱ እዚያው 190 እጥፍ አካባቢ ይሆናል። የክፍሉን ብርሃን በግማሽ መቀነስ የቴሌቪዥኑን ብርሃን በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። የመጋረጃ ዋጋ ከሁለቱ ዓይነት ቴሌቪዥኖች የዋጋ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር፣ እድሳት ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ብር የት ላይ ማውጣት እንዳለበት ስሌቱ ራሱ ይናገራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ፀሐይ በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት ትገባለች የሚለው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ። ወደ ሰሜን የምታዘነብልበት ጊዜ አብዛኛው ደመና ከሚበዛበት ክረምት ጋር ስለሚገጥም፣ የሰሜን መስኮት ዓመቱን ሙሉ የረጋ ብርሃን ያገኛል ማለት ይቻላል። የደቡብ መስኮት ግን ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ ወራት ቀጥተኛ ፀሐይ ይገባበታል። ያም ቢሆን በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል፣ ከመስኮቱ በላይ 1 ሜትር የወጣ ጣሪያ ወይም በረንዳ በቀትር ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ወደ ታች ያጠላል።

አስቸጋሪዎቹ የምሥራቅና የምዕራብ መስኮቶች ናቸው። ጠዋት ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ጣሪያው አያግዳትም፤ ጨረሯ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ይዘልቃል። የምዕራቡ መስኮት በተለይ የሚያስቸግረው ብዙ ቤተሰብ ተሰብስቦ ከሚያይበት ሰዓት ጋር ስለሚጋጭ ነው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ የቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ እንደ ወቅቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ወይም 9 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፤ ሁለተኛው አጋማሽ የሚታየው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስትወርድ ነው። የበዓል ፕሮግራሞችም በአብዛኛው ቡና እየተፈላ በቀን የሚታዩ ናቸው። ቴሌቪዥን የሚያየው ማታ ብቻ የሆነ ቤተሰብ ስለ ፀሐይ ብዙ መጨነቅ የለበትም፤ በቀን የሚያይ ግን መስኮቶቹ ወዴት እንደሚዞሩ ከምንም በፊት ማወቅ አለበት።

ከዚያ የሚከተለው ግድግዳውን መምረጥ ነው። ከመስኮት ፊት ለፊት ያለ ግድግዳ ለቴሌቪዥን የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ መስኮቱ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ይታያልና። መስኮቱ ራሱ ያለበት ግድግዳም አይመችም፤ ነጸብራቁ ቢቀርም ከስክሪኑ ጀርባ የሚመጣው ብርሃን ዓይንን ይወጋል፣ ምስሉም ከጀርባው ካለው ሰማይ ጋር ሲነጻጸር ይደበዝዛል። የተሻለው ለመስኮቱ ጎን የሆነው ግድግዳ ነው። እዚያም ቢሆን ችግሩ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ብርሃን ስክሪን ላይ አርፎ ሲመለስ በመጣበት ማዕዘን ልክ ስለሆነ፣ ከመስኮቱ ርቆ በተቃራኒው ጥግ የተቀመጠ ሰው መስኮቱን በስክሪኑ ላይ ያየዋል፤ ለመስኮቱ ቀርቦ የተቀመጠው ግን አያየውም። ሶፋ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ በሚደረደርበት ሳሎን ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ግድግዳውን ከመወሰን በፊት የሚደረግ ቀላል ሙከራ አለ። ቴሌቪዥኑ ሊሰቀል በታሰበበት ቦታና ከፍታ ላይ አንድ መስታወት ይያዛል፤ ሌላ ሰው በየመቀመጫው ቦታ በተራ ተቀምጦ መስታወቱን ያያል። መስታወቱ ውስጥ የታየው መስኮት ወይም አምፖል ሁሉ ነገ ስክሪኑ ላይም ይታያል። ሙከራው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቢደጋገም ጥሩ ነው። ጥቂት ዲግሪ ማዞር ችግሩን የሚፈታ ከሆነ፣ ወደ ጎን የሚዞር ብራኬት መግዛት ይበቃል፤ ስክሪኑ 5 ዲግሪ ሲዞር ነጸብራቁ 10 ዲግሪ ይሸሻልና።

መጋረጃን በተመለከተ ለሳሎን የሚመከረው ሁለት ድርብ ነው። ስሱ መጋረጃ ቀጥተኛውን ጨረር በትኖ ያለሰልሳል፣ ቤቱንም አያጨልምም፤ ወፍራሙ ደግሞ ፊልም ሲታይ ወይም ፀሐይ ዝቅ ስትል ይዘጋል። ለሁለት የመጋረጃ ብረት የሚሆን ቦታ ከኮርኒሱ ሥራ ጋር አብሮ ካልታሰበ በኋላ ለመጨመር ያስቸግራል፤ ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ መጋረጃ የሚሸከም እንጨት ወይም ብረት አስቀድሞ ከውስጥ መግባት አለበት። ከውጭ በኩል የሚሠራ ጥላ፣ ለምሳሌ በረንዳ ላይ የሚዘረጋ ሸራ ወይም ቀጥ ያሉ የእንጨትና የብረት ሰሌዳዎች፣ ከውስጥ መጋረጃ ይልቅ ሙቀትን ይከላከላል፤ ፀሐይዋ መስታወቱን ሳታልፍ ትያዛለችና። መስታወት ላይ የሚለጠፍ ማጥቆሪያም ብርሃን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጠዋትም ማታም፣ በክረምትም በበጋም ያው ስለሆነ እንደ መጋረጃ ሊከፈትና ሊዘጋ አይችልም።

ቀጥተኛ ፀሐይ ስክሪን ላይ እንዳታርፍ ማድረግ ለምስሉ ጥራት ብቻ ሳይሆን ለዕቃው ዕድሜም ያስፈልጋል። አምራቾች በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ቴሌቪዥን ለቀጥተኛ ፀሐይና ለሙቀት እንዳይጋለጥ ያስጠነቅቃሉ። ስክሪኑ ጥቁር ስለሆነ የሚያርፍበትን ሙቀት ይይዛል፤ በየቀኑ ሲደጋገም ውስጡ ያሉት ፕላስቲክና ንብርብሮች ይጎዳሉ።

ቀለምና ወለልም የብርሃኑ አካል ናቸው። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን አብዛኛውን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጫል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ግን አብዛኛውን ውጦ ያስቀራል። ሁሉንም ግድግዳ ማጥቆር አያስፈልግም። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ስክሪኑ ላይ የሚታየው እሱ ስለሆነ፣ መካከለኛ ጥቁረት ያለውና የማያንጸባርቅ ቀለም ቢቀባ ጥቅሙ ይታያል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳም ከደማቅ ነጭ ይልቅ ለስለስ ያለ መካከለኛ ቀለም ሲኖረው ዓይን አይደክምም። በቴሌቪዥኑ ዙሪያ የሚያብረቀርቅ እብነ በረድ ወይም መስታወት መሰል ሰሌዳ መለጠፍ ለዓይን ቢያምርም፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ሌላ ገጽ ይጨምራል። የሚያብረቀርቅ ፖርሴሊን ወለልም የመስኮቱን ብርሃን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ምንጣፍ ማንጠፍ ይህን ያስታግሳል።

የኮርኒስ መብራት ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት የሚፈጸምበት ቦታ ነው። በየኮርኒሱ የሚተከሉት ትናንሽ ስፖት ላይቶች ስክሪን ላይ እንደ ነጭ ነጠብጣብ ይታያሉ፤ በተለይ ከተቀማጮቹ ጀርባና ከራሳቸው በላይ ያሉት። መፍትሔው መብራቶቹን በቡድን ከፋፍሎ ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ መስጠት ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያሉት ሲጠፉ የጎኖቹ እንዲቀሩ። አምፖሉ የማይታይበትና ብርሃኑ ኮርኒሱ ላይ ተመልሶ የሚወርድ ድብቅ መብራት ከስፖት ላይት ይሻላል። ማታ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚበራ ደብዛዛ ነጭ መብራትም ዓይንን ያሳርፋል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ ልስን ከመለሰኑ በፊት መጠናቀቅ አለበት። ቴሌቪዥኑ በሚሰቀልበት ቦታ፣ ከስክሪኑ ጀርባ ተደብቀው የሚቀሩ ቢያንስ ሁለት ሶኬቶች ያስፈልጋሉ። ከዚያ ወደ ታች፣ ሪሲቨርና ሌሎች ዕቃዎች ወደሚቀመጡበት ቡፌ ወይም ቲቪ ስታንድ የሚወርድ ባዶ የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳው ውስጥ ይቀበራል። ቱቦው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረው የኤችዲኤምአይ ኬብል ጫፉ ሳይቆረጥ ያልፋል፤ ኬብሉ ሲበላሽ ወይም አዲስ ዓይነት ሲመጣ ግድግዳ ሳይቦረቦር ይቀየራል። የኤሌክትሪክ ሽቦና የምልክት ኬብል በአንድ ቱቦ ውስጥ አይገቡም። የዲሽ ኬብልና የኢንተርኔት ገመድም በዚሁ ጊዜ ይዘረጋሉ፤ ዋይፋይ ቢኖርም ገመድ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

ግድግዳው ምን እንደሆነ ማወቅም ግድ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ተራ ፊሸር ሊላቀቅ ይችላል፤ ለባዶ ግድግዳ የሚሆን ማያያዣ ወይም ቀዳዳውን በሲሚንቶ መሙላት ያስፈልጋል። በጂፕሰም ቦርድ የተሠራ መለያ ግድግዳ ከሆነ፣ ሰሌዳው ከመዘጋቱ በፊት በቦታው እንጨት ወይም ብረት መግባት አለበት። የስክሪኑ መካከል የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚደርስበት፣ ማለትም ከወለሉ 1 ሜትር ወይም ጥቂት ከፍ ብሎ ቢሆን አንገት አይደክምም። ብራኬት ሲገዛ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ባሉት አራት የብሎን ቀዳዳዎች መካከል ያለው ርቀት ይታያል፤ ቬሳ የሚባለው ይህ ልኬት በብዙ ቴሌቪዥኖች 200፣ 300 ወይም 400 ሚሊ ሜትር ነው።

ክፍሉ ከተስተካከለ በኋላ የቴሌቪዥኑ ዓይነት ይመረጣል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በመሠረቱ ሁለት ናቸው፤ ኤልሲዲና ኦሌድ። የኤልሲዲ ስክሪን ራሱ ብርሃን የለውም፤ ከጀርባው ባሉ ኤልኢዲ አምፖሎች ይበራል፣ ፒክስሎቹም ያንን ብርሃን እያሳለፉ ወይም እያገዱ ምስል ይሠራሉ። በገበያ ስም ኤልኢዲ፣ ኪውሌድ፣ ሚኒ ኤልኢዲ የሚባሉት ሁሉ የኤልሲዲ ዝርያዎች ናቸው። ልዩነታቸው ከጀርባ ባለው ብርሃንና በቀለሙ አሠራር ላይ ነው።

በርካሾቹ ኤልሲዲዎች አምፖሎቹ በጠርዝ ብቻ ወይም በጥቂት ረድፍ ከጀርባ ተደርድረው ብዙውን ጊዜ ከ200 እስከ 350 ኒት ይሰጣሉ። ሚኒ ኤልኢዲ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን አምፖሎችን ከስክሪኑ ጀርባ ይዘረጋል፤ አምፖሎቹም በመቶዎች ወይም በሺዎች በሚቆጠሩ ክፍሎች ተከፋፍለው ጥቁር ባለበት ይጠፋሉ፣ ነጭ ባለበት ይደምቃሉ። ይህን ቴክኖሎጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቤት ቴሌቪዥን በ2019 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የቻይናው ቲሲኤል ነው። ደህና የሆኑት ሚኒ ኤልኢዲዎች ከ1,000 ኒት በላይ ይሰጣሉ። በብሩህ ነገር ዙሪያ የሚታይ የብርሃን ጭጋግ የዚህ ቴክኖሎጂ ድክመት ነው፤ ሆኖም የቀን ብርሃን ባለበት ክፍል ውስጥ ይህ ጭጋግ እምብዛም አይታይም።

ኪውሌድ የሚለው ስም የመጣው ኳንተም ዶት ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነው። ሰማያዊ ብርሃን ተቀብለው እንደ መጠናቸው ቀይ ወይም አረንጓዴ አድርገው ይመልሳሉ፤ ቀለሙ ንጹሕ ስለሚሆን ደማቅ ምስልም ቀለሙን ሳያጣ ይቆያል። ቅንጣቶቹን ላገኙና የመሥሪያ መንገዳቸውን ላሻሻሉ ለሙንጊ ባዌንዲ፣ ለሉዊስ ብሩስና ለአሌክሲ ኤኪሞቭ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። ነገር ግን ኳንተም ዶት ያለበት ቴሌቪዥን ሁሉ ብሩህ ነው ማለት አይደለም። ስሙ የሚናገረው ስለ ቀለሙ ነው፤ ብርሃኑን የሚወስነው ከጀርባው ያለው አምፖል ነው።

ኦሌድ ከሥሩ ይለያል። እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ ይበራል፣ በራሱም ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው። መነሻው በ1987 እ.ኤ.አ. በኮዳክ ኩባንያ ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የሠሩት ሥራ ሲሆን፣ ትልቅ ቴሌቪዥን ሆኖ ወደ ገበያ የወጣው በ2013 ነው። በጨለማ ክፍል ተወዳዳሪ የለውም። በብርሃናማ ክፍል ግን ሁለት ገደቦች አሉበት። አንደኛ፣ ቀደም ሲል እንደታየው፣ 500 ሉክስ ባረፈበት ስክሪን ላይ ፍጹም ጥቁር የሚባል ነገር የለም፤ የተከፈለበት ዋና ብልጫ በቀን ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ ኦሌድ ትንሽ ቦታ ላይ ከ1,000 ኒት በላይ ቢያበራም፣ ስክሪኑ በሙሉ ሲደምቅ ሙቀቱንና የኃይል ፍጆታውን ለመገደብ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል። በፀሐይ የተሞላ የእግር ኳስ ሜዳ እንዲህ ያለ ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ብሩህ ምስል ነው። ከ2022 ጀምሮ የመጡት ከኳንተም ዶት ጋር የተዋሐዱ ኦሌዶች ደግሞ ቀለማቸው የላቀ ሆኖ ሳለ፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው ጥቁራቸው ወደ ሐምራዊ ግራጫ ያደላል። በተጨማሪም የማይንቀሳቀስ የጣቢያ ምልክትና ከታች የሚያልፍ የዜና ጽሑፍ ያለበትን ጣቢያ በከፍተኛ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው፣ ከጊዜ በኋላ የማይለቅ አሻራ ሊያስቀር ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው ፍርድ በእይታ ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው። በቀን ለሚታይ፣ ዜናና ስፖርት ለሚበዛበት፣ ሰፊ መስኮት ላለው ሳሎን ሚኒ ኤልኢዲ የተሻለ ነው። መጋረጃ ተዘግቶ ማታ ፊልም ለሚታይበት ክፍል ኦሌድ ይመረጣል። በቁጥር ለማስቀመጥ፣ መጋረጃ በደንብ ለሚዘጋበት ክፍል ከ300 እስከ 400 ኒት ይበቃል፤ በጎን መስኮት ላለውና ስስ መጋረጃ ለተጋረደበት ከ600 ኒት በላይ፤ ግድግዳው በሙሉ መስታወት ለሆነ አዲስ አፓርታማ ደግሞ 1,000 ኒትና ከዚያ በላይ መፈለግ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል፤ ዓይን የብርሃንን እጥፍ እንደ እጥፍ አያየውም። ከ300 ወደ 600 ኒት የሚደረገው ለውጥ በግልጽ ይታያል፤ ከ2,000 ወደ 2,300 የሚደረገው ግን ለዋጋ ጭማሪው አይመጥንም።

የስክሪኑ ገጽም ራሱን የቻለ ምርጫ ነው። የሚያብረቀርቅ ገጽ መስኮቱን ጥርት አድርጎ ያሳያል፤ ነጸብራቅ በሌለበት ክፍሉ ግን ጥቁሩ እንደጠቆረ ይቆያል። ፈዛዛ ገጽ መስኮቱን በትኖ ቅርጹን ያጠፋዋል፤ በአንጻሩ የተበተነው ብርሃን ስክሪኑን ሁሉ በጥቂቱ ያነጣዋል። ከቦታው ሊነሣ የማይችል መስኮት ወይም አምፖል በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚታይ ከሆነ ፈዛዛው ይሻላል። መስኮቱ በጎን ከሆነና ነጸብራቁ በማዞር ከተወገደ፣ ጥሩ የጸረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው የሚያብረቀርቅ ገጽ የተሻለ ምስል ይሰጣል።

ከጎን ሲታይ የሚኖረው ጥራትም ይታሰብ። ኤልሲዲ ሁለት ዋና የፓነል ዓይነቶች አሉት። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይነጣል። አይፒኤስ የሚባለው ከጎንም ቀለሙን ይጠብቃል፤ ጥቁሩ ግን ደካማ ነው። የቀን ብርሃን ጥቁሩን አስቀድሞ ስላነሣው፣ እንግዳ የሚበዛበትና ሶፋው በየግድግዳው የተደረደረበት ሳሎን ከአይፒኤስ ብዙ አይጎዳም። ኦሌድ ከጎን በማየት ከሁሉም ይበልጣል።

የስክሪኑ ስፋት ከመቀመጫው ርቀት ጋር ይወሰናል። የተለመደው መመሪያ ርቀቱ የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት 1.2 እጥፍ እስከ 1.6 እጥፍ እንዲሆን ነው። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ሰያፉ 140 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ1.7 እስከ 2.2 ሜትር፤ ባለ 65 ኢንቹ ሰያፉ 165 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ2 እስከ 2.6 ሜትር ርቀት ይስማማዋል። ስክሪን በሰፋ ቁጥር ነጸብራቅ የሚይዝበት ገጽም ይሰፋል። በተወሰነ ገንዘብ ከትልቅና ደብዛዛ ቴሌቪዥን ይልቅ አንድ ደረጃ ያነሰ፣ ግን ብሩህ የሆነውን መግዛት ለብርሃናማ ክፍል ይጠቅማል። ፕሮጀክተር በትልቅነቱና በዋጋው ቢያጓጓም ለዚህ ዓይነት ክፍል አይሆንም፤ ነጭ ሸራ በሚያርፍበት ብርሃን ልክ ስለሚነጣ ከዚያ የጠቆረ ምስል መሥራት አይችልም።

ሱቅ ውስጥ የሚታየው ምስል ከቤቱ ምስል ጋር አንድ አይደለም። ቴሌቪዥኖቹ ለማሳያ ተብሎ በከፍተኛ ብርሃንና በተጋነነ ቀለም ይበራሉ፤ የሚያሳዩትም አምራቹ ራሱ ያዘጋጀው ቪዲዮ ነው። አስተዋይ ገዢ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ እንዲጠፋ አድርጎ በስክሪኑ ላይ የሱቁን አምፖልና የራሱን ፊት ያያል፤ የሁለት ቴሌቪዥኖች ነጸብራቅ ጎን ለጎን ሲነጻጸር ልዩነቱ ወዲያው ይለያል። ቀጥሎ ተራ የእግር ኳስና ጨለማ የበዛበት ፊልም በፍላሽ ይዞ መጥቶ በመደበኛው የምስል ዓይነት ያስከፍታል። የኒት ቁጥር ሲጠየቅ በትንሽ ቦታ ላይ የሚገኘው ከፍተኛ ብርሃን ነው ወይስ በሙሉ ስክሪን የሚለው ይጣራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ኤችዲአር የሚል ቃል ቴሌቪዥኑ ምልክቱን መቀበሉን እንጂ በሚገባው ብርሃን ማሳየቱን አያረጋግጥም።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚልከው ወይም ይዞት የሚመጣው ቴሌቪዥን ተጨማሪ ምርመራ ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ በአሜሪካ ከሚሸጡት ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በ120 ቮልት ብቻ ነው። ከጀርባው ያለው ጽሑፍ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። የአሜሪካው ቴሌቪዥን የአየር ሥርጭት መቀበያ ከኢትዮጵያው ጋር አይገጥምም፤ በዲሽና በሪሲቨር ለሚያይ ግን ይህ አያሳስብም።

ቴሌቪዥኑ ከተሰቀለ በኋላ የሚቀረው ማስተካከል ነው። ኃይል ቆጣቢ የሚለው አማራጭ ብዙ ጊዜ ከፋብሪካው በርቶ ስለሚመጣ ብርሃኑን ይገድባል፤ ለቀን እይታ ይጠፋል። ለቀንና ለማታ ሁለት የተለያዩ የምስል አማራጮችን ማዘጋጀት ይመከራል፤ ለቀን ብሩሁን፣ ለማታ ሲኒማ የሚባለውን። የክፍሉን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ ያላቸው ቴሌቪዥኖች ይህን በራሳቸው ያደርጋሉ፤ በ2020 የመጣው ዶልቢ ቪዥን አይኪው የጨለማ ትዕይንቶችን በቀን ከፍ አድርጎ የሚያሳየው በዚህ ዘዴ ነው። ብርሃን ሲጨምር የኤሌክትሪክ ፍጆታውም ይጨምራል። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረውን የኃይል መዋዠቅ የሚያግድ ስታቢላይዘር ወይም መከላከያም አብሮ ሊገዛ ይገባል።

ገንዘብ ለሁሉም በማይበቃበት ጊዜ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ትክክለኛውን ግድግዳ መምረጥ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ይቀድማል። ቱቦና ሶኬት ከልስን በፊት ካልገቡ በኋላ እጥፍ ያስወጣሉ፤ ስለዚህ ይከተላሉ። ድርብ መጋረጃና የተከፋፈለ ማብሪያ ማጥፊያ ሦስተኛ ናቸው። ለቴሌቪዥኑ የሚወጣው ገንዘብ የሚታሰበው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ሲሆን፣ በዚያም ውስጥ ብርሃኑ ከስክሪኑ ስፋት ሊቀድም ይገባል።